ለአማርኛ ፈተና ሰዋስው፣ ሥርዓተ ነጥብና የቃላት አመራረጥ፦ የትኛው መለማመጃ ለማን ይሆናል?

ለአማርኛ ፈተና የሚዘጋጅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ብዙውን ጊዜ «ምን ላንብብ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሰዋስው ግን በንባብ ብቻ አይገባም፤ ሲሠሩት ነው የሚገባው። ስለዚህ «በምን ልለማመድ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። አማራጩ ሞልቷል። የመማሪያ መጽሐፉ መልመጃ አለ፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች አሉ፣ የቴሌግራም ጥያቄዎች አሉ፣ ቃለ ጽሕፈት አለ፣ ድርሰት ጽፎ ማረም አለ። የጥናት ጓደኛና አስጠኚም አሉ። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተጨምሯል። ሁሉንም ልነካካ ያለ ተማሪ አንዱንም በቅጡ ሳይዝ ፈተናው ከተፍ ይላል።

እዚህ የማወዳድራቸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መለማመጃው «ለምን?» ብላችሁ እንድትመልሱ ያስገድዳል ወይ? ሁለተኛ፣ ጆሯችሁ የሚሳሳትበትን ቦታ ይነካል ወይ? ሁለተኛው ትንሽ ማብራሪያ ስለሚፈልግ ከእሱ ልጀምር።

የጆሮ ነገር

አማርኛን ከልጅነቱ እየተናገረ ያደገ ተማሪ «እሷ ነገ መጣ» አይልም። ማንም ሳያስተምረው ጆሮው ይመልሰዋል። እንዲህ ያለው ተማሪ የባለቤትና የግስ ስምምነትን መልመጃ ሃምሳ ጊዜ ቢሠራ ደስ ይለዋል፤ ሁሉንም ያገኛላ! ግን ያተረፈው ነገር የለም፤ ድሮም ያውቀው ነበር።

ጆሮ የሚያታልልበት ቦታ ሌላ ነው። «ቃላቶች»፣ «መምህራኖች»፣ «ሕፃናቶች»፣ «መጻሕፍቶች» የሚሉትን በየቀኑ እንሰማለን። ጆሯችን ለምዷቸዋል። «ቃላት»፣ «መምህራን»፣ «ሕፃናት»፣ «መጻሕፍት» ግን ራሳቸው ብዙ ቁጥር ናቸው፤ «ኦች» ሲጨመርባቸው ድርብ ብዜት ይሆናል። ፈታኝ ደግሞ ይህችን ይወዳታል። ሥርዓተ ነጥብም እንዲሁ ነው። አፋችን ላይ ነጠላ ሰረዝ የለም። ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላትም አሉ፦ ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ። ጆሮ አይለያቸውም። ማጥበቅና ማላላትን ደግሞ ጆሮ በደንብ ይለያል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ምልክት የለውም። «ሰፊ» ላልቶ ሲነበብ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ የጠባብ ተቃራኒ ነው። «ይመታል» ሲላላ መቺ ነው፤ ሲጠብቅ ተመቺ።

አማርኛ የቤቱ ቋንቋ ያልሆነ ተማሪ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። እሱ «ቃላት» የሚለውን ከመጽሐፍ ስለተማረው ብዙ ላይሳሳትበት ይችላል። የሚያስቸግረው ተሳቢ አመልካቹ «ን» እና የጾታ ስምምነት ነው። «መጽሐፉን አነበብኩ» በማለት ፈንታ «መጽሐፉ አነበብኩ» ይላል። «ትልቅ ቤት ገዛ» ያለ «ን» ልክ ሆኖ ሳለ «ትልቁን ቤት ገዛ» ሲባል «ን» ለምን እንደመጣች፣ ለዚያውም ቤቱ ላይ ሳይሆን ቅጽሉ ላይ ለምን እንደተለጠፈች ግር ይለዋል። ለእሱ የስምምነት መልመጃ ጊዜ ማባከን አይደለም፤ ዋናው ሥራው ነው።

ስለዚህ የጓደኛችሁን ዘዴ ከመቅዳታችሁ በፊት የራሳችሁን ስህተት እዩ። አንድ የቆየ ፈተና ውሰዱና ሳትገምቱ ሥሩ። ያላወቃችሁትን ባዶ ተዉት። ከዚያ አንድ ገጽ ድርሰት ጻፉና ሌላ ሰው እንዲያርመው ስጡ። ስህተታችሁ ከሰዋስው ነው? ከሥርዓተ ነጥብ? ከቃል አመራረጥ? ወይስ ከፊደል? ይህን ሳያውቁ መለማመጃ መምረጥ ሳይመረመሩ መድኃኒት መግዛት ነው።

የመማሪያ መጽሐፉ መልመጃ

አሰልቺ ነው፤ አልዋሽም። ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ስያሜው ከፈተናው ስያሜ ጋር ይገጥማል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሰዋስው መጻሕፍት የቃል ክፍሎችን በአንድ መንገድ አይከፍሉም። አንዳንዱ ስም፣ ግስ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግስና መስተዋድድ ብሎ በአምስት ያበቃል። ቆየት ያሉት ተውላጠ ስምን፣ መስተጻምርንና ቃለ አጋኖን ለብቻቸው ይቆጥራሉ። ሁለቱም የራሳቸው ምክንያት አላቸው። ከአንዱ አጋዥ መጽሐፍ አምስት፣ ከሌላው ስምንት እያጠና የሚመጣ ተማሪ ግን «እሱ» የምትለውን ቃል የት ይመድባት? ስም ወይስ ተውላጠ ስም? ፈተናው ላይ መልሱ ክፍል ውስጥ በተማራችሁት መጽሐፍ ነው የሚለካው። አጋዥ መጽሐፍ ስትመርጡም መጀመሪያ የቃል ክፍሎችን ዝርዝር ገልጣችሁ ከመማሪያ መጽሐፋችሁ ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ ሌላ ፈልጉ።

ድክመቱስ? መልመጃው በምዕራፍ የተከፈለ ነው። ስለ ተውሳከ ግስ በሚያወራ ምዕራፍ ሥር ያሉ ጥያቄዎች ሁሉ መልሳቸው ተውሳከ ግስ ነው። ሳታስቡ ትሞላላችሁ። ፈተናው ግን ሁሉንም ቀላቅሎ ነው የሚያመጣው። መፍትሔው ቀላል ነው። ከአራት ምዕራፍ ጥቂት ጥቂት ጥያቄ ቀዱና አደባልቃችሁ ሥሩ። ያኔ ነው ማወቃችሁ የሚለየው።

ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች

ሁሉም ሰው የሚመክረው ይህን ነው። እኔም እመክራለሁ፤ ግን በጊዜው። ያለፈ ፈተና ሦስት ነገር ያሳያችኋል፦ የጥያቄውን አቀራረብ፣ የትኛው ክፍል ብዙ ጥያቄ እንዳለው፣ እናንተ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባችሁ። እነዚህን ሌላ መለማመጃ አይሰጣችሁም።

ችግሩ ማለቁ ነው። አንዴ የሠራችሁትን ፈተና ደግማችሁ ስትሠሩ ሰዋስውን ሳይሆን መልሱን ነው የምታስታውሱት። «ሃያ አንደኛው ሐ ነበር» ማለት እውቀት አይደለም። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉንም አትጨርሷቸው። አንዱን ለምርመራ፣ የቀሩትን ለመጨረሻው ወር አስቀምጡ። ሥርዓተ ትምህርት ሲቀየር ደግሞ ከቆዩት ፈተናዎች የሚገጥመውና የማይገጥመው ይለያያል። እሱን ከመጽሐፋችሁ ማውጫ ጋር አመሳክሩ።

ሌላው ጉዳይ የመልስ ቁልፍ ነው። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ኮፒ መልሱን ማን እንደሠራው አይታወቅም። ከቁልፉ ጋር ስትለያዩ ወዲያው «ተሳሳትኩ» አትበሉ። መጽሐፉን ገልጣችሁ ተከራከሩ። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ሰዋስው የሚገባው ያኔ ነው።

አንድ ጥያቄ ከነአሠራሩ ላሳይ። «ትክክለኛው ዓረፍተ ነገር የቱ ነው?» ይላል እንበል።

ሀ. መምህራኖቹ ለተማሪዎቹ አዳዲስ ቃላቶችን አስተማሩ።
ለ. መምህራኑ ለተማሪዎቹ አዳዲስ ቃላትን አስተማሩ።
ሐ. መምህራኑ ለተማሪዎቹ አዳዲስ ቃላትን አስተማረ።
መ. መምህራኑ ለተማሪዎቹ አዳዲስ ቃላቶችን አስተማሩ።

መልሱ ለ ነው። አንዱ ተማሪ «ለ» ብሎ ያከብበትና ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሌላዋ ግን ደብተሯ ላይ እንዲህ ትጽፋለች፦ ሀ ላይ ድርብ ብዜት ሁለት ጊዜ አለ፤ ሐ ላይ ባለቤቱ ብዙ፣ ግሱ ነጠላ ነው፤ መ ላይ ባለቤቱ ተስተካክሎ ተሳቢው ቀርቷል። አንድ ጥያቄ ነበር፤ ለእሷ ግን አራት ጥያቄ ሆነላት። ልዩነቱ ይህ ነው። የቱንም መለማመጃ ብትመርጡ ያልመረጣችሁትን ፊደል ለምን እንደጣላችሁት ካልጻፋችሁ ግማሹን ጥቅም ጥላችሁታል።

ቴሌግራምና የስልክ ጥያቄዎች

ስልኩ እጃችን ላይ ነው። ታክሲ ስንጠብቅ አምስት ጥያቄ እንሠራለን። ትክክል ስንሆን አረንጓዴ ይበራል። ደስ ይላል።

ችግሩም ደስታው ነው። ሦስት ሰከንድ አስባችሁ ነካ ታደርጋላችሁ፤ ከተሳሳታችሁ ትክክሉን ያሳያችኋል፤ «አሃ» ብላችሁ ታልፋላችሁ። ለምን እንደሆነ የሚጠይቃችሁ የለም። ማብራሪያ ያለው ጥያቄ አለ፤ ግን ማን ያነበዋል? በዚያ ላይ ጥያቄውን ማን እንዳወጣው አይታወቅም። እዚያው ጥያቄው ውስጥ «ከሚከተሉት ቃላቶች» የሚል አይታችሁ ይሆናል።

ታዲያ ይጣል? አይጣል። ሥራው ሌላ ነው። ቃልና ፍቺውን፣ ተመሳሳይና ተቃራኒውን፣ ፈሊጣዊ አነጋገርን ለማስታወስ ይጠቅማል። «ሆደ ሰፊ» ታጋሽ፣ «ልበ ሙሉ» ደፋር፣ «አፈ ቀላጤ» ቃል አቀባይ። እንዲህ ያለው ደጋግሞ በትንሽ በትንሹ ሲመጣ ይሻላል። ለሥርዓተ ነጥብ ግን ብዙም አይረባም። የሌላውን ሰው ሰረዝ መምረጥና የራስን ሰረዝ ማስቀመጥ የተለያየ ችሎታ ነው።

ስለ ራስን መፈተን ከተነሳ አንድ ነገር ልበል። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። አንድን ጽሑፍ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎችንና አንብበው ያስታወሱትን በመጻፍ ራሳቸውን የፈተኑ ተማሪዎችን አወዳደሩ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት ብልጫውን ወሰዱ። ሾርት ኖት ደጋግሞ ማንበብ ማታውኑ «ገብቶኛል» የሚያሰኘን ለዚህ ነው። የሚያሳዝነው ፈተናው ማታውኑ አለመሆኑ ነው።

ቃለ ጽሕፈት

ብዙ ሰው የታችኛ ክፍል ነገር አድርጎ ይንቀዋል። ለእኔ ግን ለሥርዓተ ነጥብና ለፊደል የሚስተካከለው የለም።

አሠራሩ ይኸውና። ከመማሪያ መጽሐፉ አንድ አንቀጽ ምረጡ። አንድ ሰው ያንብብላችሁ፤ ሰው ከሌለ ስልካችሁ ላይ ራሳችሁ ቅዱትና በማግስቱ ክፈቱት። ስታነቡ የሥርዓተ ነጥቡን ስም አትጥሩ። እየሰማችሁ ጻፉ። ከዚያ ከመጽሐፉ ጋር ፊደል በፊደል፣ ሰረዝ በሰረዝ አስተያዩ። ስህተታችሁ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። መደበቂያ የለውም።

እዚህ ላይ ሥርዓተ ነጥብን ትንሽ ላብራራው፤ ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው እዚህ ነውና። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ይህ ለሥርዓተ ነጥብ ትልቅ እገዛ ነው። «ሰረዝ ላድርግ አላድርግ?» ብላችሁ ስትጠራጠሩ ግሱን ፈልጉት። ግሱ ራሱን ችሎ ከቆመና ሐሳቡ ከቀጣዩ ጋር ከተያያዘ ድርብ ሰረዝ ይሆናል፦ «ዝናቡ ዘነበ፤ ወንዙ ሞላ፤ መንገዱ ተቋረጠ።» ሦስቱም ግሶች ማሰሪያ መሆን፣ ማለትም ዓረፍተ ነገር መዝጋት ይችላሉ። ግሱ «ዘንቦ»፣ «ሲዘንብ»፣ «ስለዘነበ» ከሆነ ግን ራሱን አልቻለም። ማሰሪያውን እየጠበቀ ነው። እዚያ ድርብ ሰረዝ ማድረግ ዓረፍተ ነገሩን መሐል ላይ መቁረጥ ነው። ነጠላ ሰረዝ ወይም ምንም ይበቃዋል። «ዝናቡ ስለዘነበ፤ መንገዱ ተቋረጠ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ግሱን አላየውም።

የዝርዝር ነጠላ ሰረዝ ቀላሉ ነው፦ «እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያና ደብተር»። መጨረሻ ላይ «ና» ስለመጣች ሰረዙ ይቀራል። ጥያቄ ምልክት ላይ ደግሞ የተለመደች ወጥመድ አለች። «መቼ እንደሚመጣ ጠየቀችኝ።» ውስጡ «መቼ» ስላለ ብዙዎች ጥያቄ ምልክት ይለጥፉበታል። ይህ ግን ጥያቄ አይደለም፤ ስለ ጥያቄ የሚያወራ ዓረፍተ ነገር ነው። አራት ነጥብ ይበቃዋል። «‹መቼ ትመጣለህ?› ብላ ጠየቀችኝ።» ሲሆን ነው ምልክቱ የሚገባው።

አንዲት ነጠላ ሰረዝ ምን ያህል እንደምትሠራ ለማየት እነዚህን ሁለቱን ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው።

አዲሱ ተማሪ መጣ።
አዲሱ፣ ተማሪ መጣ።

በመጀመሪያው የመጣው ተማሪው ራሱ ነው፤ አዲስ ገቢ ነው። በሁለተኛው አዲሱ የሚባል ሰው ተጠርቶ «ተማሪ መጥቶልሃል» እየተባለ ነው። ቃላቱ አንድ ናቸው። ቃለ ጽሕፈት የሚያሠለጥናችሁ ይህችን ትንፋሽ ወረቀት ላይ ማስቀመጥን ነው።

ቃለ ጽሕፈት የማይሠራው ምንድን ነው? «ለምን?» አይጠይቅም። የቃል ክፍልም አያስተምርም። ስለዚህ ለብቻው አይበቃም። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አጭር አንቀጽ፣ በቃ።

ስለ ፊደሉ አንድ ነገር ልጨምር። ሞክሼ ፊደላት፣ ማለትም ድምፃቸው አንድ የሆነው ፊደላት ላይ አንዳንዱ መምህር ጥብቅ ነው፤ አንዳንዱ «አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ የትኛውም ይሁን» ይላል። ለፈተና የሚሻለው የመጽሐፉን አጻጻፍ ይዞ፣ ያንኑ ቃል በሁሉም ቦታ በዚያው ፊደል መጻፍ ነው። ፍቺ የሚለዩትን ግን ለዩዋቸው። «ድህነት» የማጣት ነገር ነው፤ «ድኅነት» የመዳን። «ሠዓለ» ሥዕል ሠራ ነው፤ «ሰአለ» ለመነ። «መሀረ» አስተማረ ነው፣ መምህር የሚወጣው ከሱ ነው፤ «መሐረ» ደግሞ ይቅር አለ፣ ምሕረት የሚወጣው ከዚያ ነው። እነዚህን ለየብቻ ሳይሆን ጥንድ ጥንዱን አጥኗቸው።

ድርሰት ጽፎ ማረም

ለቃል አመራረጥ አንደኛ ምርጫዬ ይህ ነው። ምክንያቱም የቃል አመራረጥ ስህተት የሚወጣው ሲጽፉ ነው። አራት ምርጫ ተደርድሮ ሲቀርብ ትክክለኛው ቃል ራሱ ይጠራችኋል። ባዶ ወረቀት ላይ ግን አይጠራም።

ምሳሌ እንይ። «ያላሰለሰ ጥረቷ ጥሩ ውጤት አስከተለ።» ሰዋስዉ ምንም አልጎደለውም። ጆሮም ላይቆረቁር ይችላል። ግን «አስከተለ» መጥፎ ነገርን ይዞ የሚመጣ ቃል ነው፤ ድርቅ ረሃብን ያስከትላል፣ ጠብ ጉዳትን ያስከትላል። ጥረት ውጤት ያስገኛል። «በ… ሳቢያ» ላይም ተጠንቀቁ። «በጎርፉ ሳቢያ መንገዱ ተዘጋ» ያምራል፤ «በትጋቷ ሳቢያ ተሸለመች» ግን ትጋቷን ጥፋት ያስመስለዋል። «ምክንያት» እና «ሰበብ»ም እንደዚሁ ናቸው። ምክንያት ያለው ሰው ይሰማል፤ ሰበብ ያለው ይጠረጠራል። «መዘዝ» ስትጽፉ ደግሞ ጥሩ ነገር አይጠበቅም።

ሌላው የቃል ብክነት ነው። «ምንም እንኳ ቢደክመኝም ነገር ግን ሠራሁ።» «ምንም እንኳ… ም» ሥራውን ጨርሶታል፤ «ነገር ግን» ምን ትሠራለች? «ደግሞ እንደገና ደገመው»፣ «በየቀኑ ሁልጊዜ» የሚሉትም በንግግር ያልፋሉ፤ ወረቀት ላይ ግን ወዲያው ያስታውቃሉ።

ትልቁ ችግር ማን ያርመዋል የሚለው ነው። የራስን ጽሑፍ ወዲያው ማረም አይሆንም። ዓይን የጻፈውን ሳይሆን ያሰበውን ያነባል። ሁለት ቀን አስተኙት። ከዚያ ጮክ ብላችሁ፣ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ወደ መጀመሪያው አንብቡት። ታሪኩ ስለማይጎትታችሁ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለብቻው ይታያል። በአንድ ዙር አንድ ነገር ብቻ ፈልጉ፦ መጀመሪያ ግሶቹን፣ ቀጥሎ ሰረዞቹን፣ ከዚያ ቃላቱን።

ጊዜ ይበላል። ፈተናው ሁሉም ምርጫ ከሆነና ሁለት ሳምንት ብቻ ከቀራችሁ ይህን መንገድ አሁን አትጀምሩት።

ጓደኛ፣ አስጠኚ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት

የጥናት ጓደኛ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። ከአራት ሲበልጥ ጥናት መሆኑ ይቀራል፤ ጨዋታ ይሆናል። ጥሩው አሠራር አንዱ ጥያቄ ያነባል፣ ሌላው መልሱን ከነምክንያቱ ያስረዳል፣ ጠያቂው «እንዴት?» እያለ ያፋጥጠዋል። በጎበዙ ተማሪ ብቻ የሚመራ ቡድን ግን ጎበዙን ነው የሚጠቅመው፤ የሚያስረዳው እሱ ነዋ።

አስጠኚ ስትይዙ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «የጻፍኩትን ታርምልኛለህ?» ኖት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ኖቱ መጽሐፉ ላይም አለ። ድርሰታችሁን ወስዶ በቀይ መልሶ የሚያመጣ ከሆነ ግን አጥብቃችሁ ያዙት። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ተማሪ አስጠኚ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ሲናገርም ያርመዋልና።

ቻትጂፒቲንና የመሳሰሉትን በተመለከተ ነገሩ ግማሽ ግማሽ ነው። ሌት ተቀን ጥያቄ ያወጣላችኋል፤ አይሰለችም። ግን የአማርኛ ሰዋስው ላይ ሊሳሳት ይችላል፤ ሲሳሳትም ረጋ ብሎ፣ እርግጠኛ ሆኖ ነው። የቃል ክፍሎች ስያሜውም ከመጽሐፋችሁ ላይገጥም ይችላል። በዚህ ላይ «አርምልኝ» ስትሉት ጠቅላላውን አሳምሮ ይጽፍላችኋል። ያማረው የሱ ነው፤ እናንተ ምንም አልተማራችሁም። የምትጠቀሙበት ከሆነ እንዲህ በሉት፦ «ስህተት ያለበትን ዓረፍተ ነገር ቁጥር ብቻ ንገረኝ፤ አታስተካክል።» ማስተካከሉ የእናንተ ሥራ ይሁን። ያልገባችሁን ከመጽሐፉ አረጋግጡ።

ታዲያ የትኛውን?

አማርኛ የአፍ መፍቻችሁ ከሆነ፦ ቃለ ጽሕፈትና ድርሰት ይቅደሙ። የመጽሐፉን መልመጃ ስያሜ ለማጥናት ብቻ ተጠቀሙበት። ስምምነትና ጊዜ ላይ አትቆዩ፤ ድርብ ብዜት፣ ሞክሼ ፊደላትና ድርብ ሰረዝ ላይ ቆዩ።

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋችሁ ከሆነ፦ የመጽሐፉ መልመጃና የሚያናግራችሁ ሰው ይቅደሙ። «ን»፣ ጾታ፣ አሉታ። በተለይ አሉታ ላይ «አልመጣም» ብሎ መጨረሻ ላይ «ም» የሚይዘው፣ «ካልመጣ» እና «ስላልመጣ» ሲሆን «ም»ን እንደሚጥል ልብ በሉ። ቃለ ጽሕፈት ለእናንተም ይጠቅማል፤ በአጭሩ ይሁን።

ፈተናው ምርጫ ብቻ ከሆነ ያለፉ ፈተናዎች ክብደት ይጨምር። ድርሰት ካለው ግን ምርጫ እየሠሩ ድርሰት አይለመድም።

በሁሉም ውስጥ አንድ የስህተት ደብተር ይኑራችሁ። ሦስት ዓምድ ይበቃል፦ የጻፍኩት፣ ትክክሉ፣ ለምን። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ከሆነ ያ ስህተት ይመለሳል። በየሳምንቱ መጨረሻ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዓምድ በወረቀት ሸፍናችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የመለሳችሁትን ሰርዙ። የቀረውን ለቀጣዩ ሳምንት አሳድሩት።

ሦስት ወር ካላችሁ በመጀመሪያው ወር ምርመራና መልመጃ፣ በሁለተኛው ቃለ ጽሕፈትና ድርሰት፣ በሦስተኛው ሰዓት ተይዞ ያለፉ ፈተናዎች። አንድ ወር ብቻ ከቀረ ድርሰቱን በሳምንት ወደ አንድ ቀንሱት። አንድ ሳምንት ከቀረ አዲስ መጽሐፍ አትክፈቱ። የስህተት ደብተሩና ሁለት ያልተነኩ ፈተናዎች ይበቁዋችኋል፤ አንዱን ሳምንቱ ሲጀመር፣ ሌላውን ከፈተናው ሁለት ቀን ቀድማችሁ ሥሩት። ድርሰት ካለበት ደግሞ ከተሰጣችሁ ሰዓት አምስት ደቂቃ ለእርማት አስቀሩ፤ በእሷ ጊዜ ይዘቱን አትንኩት፣ ማሰሪያ ግሶቹንና ሰረዞቹን ብቻ እዩ።